እንግሊዝ ጸሎት ከለከለች የሚባለው ነገር ምንድነው?

እዚህ ጅማ ቡና ላይ "እንግሊዝ ሀገር መጸለይ ወንጀል ሆነ" ሲባል እሰማለሁ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ነው የሚደነግጠው፣ ግን ህጉ እንደዛ አይልም። በ2023 የወጣ (አመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የህዝብ ሰላም ህግ አንቀፅ 9 ነው፣ ስራ ላይ የዋለው ኦክቶበር 31 2024፣ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ውርጃ ከሚሰራበት ክሊኒክ 150 ሜትር ዙሪያ ሆን ብሎም ይሁን በግዴለሽነት ለውርጃ የመጣችን ሴት ውሳኔ ላይ ተፅእኖ ማድረግ፣ መንገድ መዝጋት ወይ ማስጨነቅ አይቻልም ይላል፣ ቅጣቱ ገንዘብ ነው። ስኮትላንድ ደግሞ 200 ሜትር።

አንቀፁ ውስጥ ጸሎት ተብሎ አልተፃፈም። የሚያጨቃጭቀው ዝም ብሎ ቆሞ በልቡ የሚጸልየው ሰው ነው፣ አቃቤ ህግ ይሄን እንደ ሁኔታው ነው የሚያየው፣ የት ቆመ፣ ለምን እዛ መረጠ ምናምን። እኔ በበኩሌ ሴትየዋ ማንም ሳያስቆማት መግባት አለባት ባይ ነኝ፣ ፖሊስ ግን ሰውን "በልብህ ምን እያልክ ነው" ብሎ ሲጠይቅ በጣም ይከብደኛል።

የሃይማኖት ነፃነትስ? ማመን አይገደብም፣ እምነትን በአደባባይ መግለፅ ግን የሌላ ሰው መብት ለመጠበቅ በህግ ሊገደብ ይችላል፣ የአውሮፓው የሰብአዊ መብት ስምምነት አንቀፅ 9 እንደዛ ነው፣ የኛም ህገ መንግስት አንቀፅ 27 ተመሳሳይ ነው።

አሜሪካ ግን ሌላ ነው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 የማሳቹሴትስ ግዛት በውርጃ ክሊኒኮች በር ዙሪያ የከለለውን 35 ጫማ የመናገር ነፃነትን ከሚገባው በላይ ይገድባል ብሎ ጣለው።