የሚለበስ የጡት ወተት ማለቢያ ምንድን ነው?

የሚለበስ የጡት ወተት ማለቢያ በጡት ማስያዣ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሞተሩን፣ ባትሪውንና የወተት መያዣውን አንድ ላይ ያጠቃለለ ትንሽ ፓምፕ ነው። ሲሠራ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ገመድ የለውም፤ ከጡት ወደ ማሽን የሚዘረጋ ቱቦም የለውም። እናትየዋ ከሸሚዟ ሥር አድርጋው ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ስልክ ታነሣለች፣ የታካሚ ካርድ ትሞላለች። የአሜሪካው ዊሎውና የእንግሊዙ ኤልቪ እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 ገደማ እነዚህን ዕቃዎች ካስተዋወቁ ወዲህ ብዙ አምራቾች ተከትለዋል፤ ዛሬ እንደ ሞምኮዚ ያሉ በዋጋ ረከስ ያሉ ምርቶችም ሞልተዋል። ጡት ላይ ተቀምጦ የሚንጠባጠበውን ብቻ የሚያጠራቅመው ሞተር አልባ ኩባያ ግን ሌላ ዕቃ ነው። ሻጮች ሁለቱን ሲያደባልቁ ስለሚታይ ከመክፈልዎ በፊት ሞተር እንዳለው ይጠይቁ።

አሠራሩ ከትልቁ የኤሌክትሪክ ማለቢያ አይለይም። ሞተሩ አየር እየሳበ ይለቃል፤ መጀመሪያ ፈጠንና ቀለል ባለ ምት፣ ወተቱ መውረድ ሲጀምር ደግሞ ዘገምና ጠለቅ ብሎ። ሕፃንም ጡት እንደያዘ የሚጠባው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ወተቱን የሚያወርደው ግን የሞተሩ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን ነው። ንጽጽሩ ቅር አያሰኝዎ እንጂ ላም የሚያልብ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ጥጃውን ሳያስቀድም አይጀምርም። አለቃዋ በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቃት እናት የማሽኑን ጉልበት እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋ ጥቂት ጠብታ ብቻ ብታገኝ አይገርምም። የልጇን ፎቶግራፍ ማየት፣ ጡቷን በእጇ ቀስ ብላ ማሸት የበለጠ ይረዳታል። ስበቱ ሊሰማት እንጂ ሊያማት አይገባም፤ ሕመም የጡት ጫፍ ያቆስላል እንጂ ወተት አይጨምርም።

ይህ ዕቃ እጅን ነፃ ያወጣል። ጊዜ ግን አይቆጥብም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ከትልቁ ማሽን ደከም ስለሚሉ ጡት ባዶ እስኪሆን ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳሉ። ጡት ወተት የሚሠራው በወጣለት ልክ ነው። ልጇ በየሦስት ሰዓቱ የሚጠባ እናት ሥራ ቦታም በዚያው ልክ ካላለበች በቀናት ውስጥ ወተቱ መቀነስ ይጀምራል። ስለዚህ የሚለበሰው ማለቢያ የሚሻለው ወተቷ ለተደላደለ፣ ማለትም ከወለደች አንድ ወር ተኩል ያህል ለሆናት እናት ነው። ልጇ ያለጊዜው ለተወለደባትና ጡት መያዝ ላቃተባት እናት ጠንካራው ማሽንና የገዛ እጇ ይቅደሙ። በነገራችን ላይ በእጅ ማለብ ምንም ወጪ የለውም፤ መብራት በጠፋበት ቀንም ይሠራል።

ሲመርጡ ሁሉም ስለ ሞተሩ ጉልበትና በስልክ ስለሚታዘዝበት መተግበሪያ ይነግርዎታል። ሁለቱንም ይለፏቸው። ትልቁ ጉዳይ የጡት ጫፍ የሚገባበት ቱቦ ስፋት ነው። ከማጥባትዎ ወይም ከማለብዎ በፊት ማስመሪያ ይዘው የጡትዎን ጫፍ ከግርጌው፣ ጥቁሩን ክብ ሳይጨምሩ፣ በሚሊ ሜትር ይለኩ። ሁለቱንም ይለኩ፤ ግራና ቀኙ ሊለያዩ ይችላሉ። ቱቦው ከዚህ ልክ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሰፋ ይበቃል። ብዙ ማለቢያዎች ከነካርቶናቸው ይዘውት የሚመጡት 24 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለብዙ እናቶች ይህ ሰፊ ነው። ሲሰፋ ጥቁሩ ክብ አብሮ ይሳባል፣ ያብጣል፣ ወተቱም በደንብ አይወጣም። ሲጠብ ጫፉ ከግድግዳው ጋር ይፋተጋል፣ ነጣ ብሎም ይወጣል። 17፣ 19 እና 21 ሚሊ ሜትር የሆኑ፣ ቱቦው ውስጥ የሚገቡ ማጥበቢያዎች ስላሉ ለገዙት ሞዴል መኖራቸውን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ቀጥሎ ቫልቯ ናት። አፏ የተሰነጠቀ ትንሽ የሲሊኮን ቁራጭ ናት፤ ስትላላ ሞተሩ እያጓራ ወተቱ ያንሳል። እናትየዋ «ወተቴ ደረቀ» ብላ ስትጨነቅ ጥፋቱ የዚህች ቁራጭ ሆኖ ይገኛል። በየቀኑ የምትሠራ ከሆነ በየአንድና ሁለት ወሩ መለወጥ አለባት። ማለቢያውን ዘመድ ከውጭ በሻንጣ የሚያመጣልዎ ከሆነ ከዋናው ዕቃ ጋር ሦስት አራት መለዋወጫ ቫልቭ ያስመጡ፤ ቻርጅ የሚደረገው እንደ ስልክ ስለሆነ የ110 እና የ220 ቮልት ጣጣ የለበትም። ፋና ወጊው ኤልቪ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2025 ገንዘብ አጥሮት በተፎካካሪው በዊሎው እጅ ስለገባ፣ ስሙ ያልታወቀ አምራች መለዋወጫ ከዓመት በኋላም ይገኛል ብሎ መተማመን ይከብዳል። ያገለገለ አይግዙ። ወተት ወደ ሞተሩ ሊዘልቅ ስለሚችል የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር አስተዳደር ለአንድ ሰው የተሠራን ማለቢያ ለሌላ ማዋስ እንደማይገባ ያሳስባል።

ከመግዛትዎ በፊት ስንት ቦታ እንደሚፈታም ይቁጠሩ፤ ወተት የነካው ሁሉ በተጠቀሙ ቁጥር ይታጠባል፣ ያውም በጋራ መታጠቢያው ውስጥ ሳይሆን ለዚሁ ብቻ በተለየ ሳህን። የወደቀ እስክሪብቶ ለማንሣት ጎንበስ ማለትም አደጋ አለው፤ ግማሽ የሞላ ኩባያ በላይኛው ቀዳዳ ሸሚዝ ላይ ይገለበጣል።

የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ 90 ቀን የድኅረ ወሊድ ፈቃድ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ደግሞ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ነው። ማለቢያው የሚፈለገው በመሀል በቀረው ጊዜ ነው። አሜሪካ ያሉ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ በወጣው ሕግ መሠረት እስከ አንድ ዓመት ድረስ ለማለብ የሚበቃ ዕረፍትና መጸዳጃ ቤት ያልሆነ የተከለለ ቦታ መጠየቅ ይችላሉ፤ የጤና መድናቸውም ማለቢያ ይሸፍናል፣ ለሚለበሰው ግን አንዳንዱ ልዩነቱን ያስከፍላል። እኔን የሚያሳስበኝ «እየሠራሽ ማለብ ትችያለሽ፤ ዕረፍቱ ለምን?» የሚል አለቃ ነው። የሚለበስ መሆኑ ዕረፍቱን አይተካም።

የታለበው ወተት እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ባለው ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ 4 ቀን፣ በረዶ ባለበት ቦርሳ 24 ሰዓት ይቆያል። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ላይ የክፍሉን ሰዓት ባይተማመኑበት ይሻላል። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት የወራት ወተት በረዶ ቤት ማከማቸትም አልመክርም፤ የነገን ዛሬ ማለብ ይበቃል። ዕቃው ላይ ቀንና ሰዓት ይጻፉ። ለሞግዚቷም ሕፃኑ ጀምሮ የተወው ወተት ከ2 ሰዓት በላይ እንደማይቀመጥና የቀለጠ ወተት ተመልሶ በረዶ ቤት እንደማይገባ ይንገሯት።