ዴሞ፦ የአውሮፓ ሰርቶ ማሳያ የኑክሌር ውህደት ማብላያ

ዴሞ የአውሮፓ የምርምር ተቋማት ጥምረት በሆነው ዩሮፊውዥን ሥር እየተነደፈ ያለ ቶካማክ ነው፤ ቶካማክ ቀላል አቶሞች ተዋህደው ኃይል እንዲሰጡ እጅግ የጋለ ጋዝን (ፕላዝማን) በማግኔት በቀለበት ቅርጽ የሚይዝ ማብላያ ነው። በደቡብ ፈረንሳይ ካዳራሽ እየተገነባ ያለው ዓለም አቀፍ የሙከራ ማብላያ ኢተር 500 ሜጋዋት የውህደት ኃይል እንዲያስገኝ ቢታቀድም ኤሌክትሪክ አያመነጭም። ዴሞ ግን 500 ሜጋዋት ገደማ የተጣራ ኤሌክትሪክ ለመረብ መስጠት፣ ነዳጁንም ራሱ ማምረት ይጠበቅበታል። የመነሻ ንድፉ 9 ሜትር ገደማ ዋና ሬዲየስ (ከቀለበቱ መሃል እስከ ፕላዝማው እምብርት ያለው ርቀት) እና 2,000 ሜጋዋት የውህደት ኃይል አለው፤ አንዱ የሥራ ዙር 2 ሰዓት ይቆያል።

ንድፉን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ነዳጁ ነው። ነዳጁ ዲዩተሪየምና ትሪቲየም የተባሉ ሁለት የሃይድሮጅን ዓይነቶች ናቸው። ዲዩተሪየም ከውሃ ይገኛል። ትሪቲየም ግን በ12.3 ዓመት ግማሹ ይከስማል፤ በዓለም ያለው የሲቪል ክምችትም በአሥር ኪሎዎች የሚቆጠር ነው። 2,000 ሜጋዋት ሳይቋረጥ ቢሠራ በቀን 300 ግራም ትሪቲየም፣ በዓመት ከ110 ኪሎ በላይ ያቃጥላል። ስለዚህ ገዝቶ መዝለቅ አይቻልም።

አንድ ትሪቲየም ሲቃጠል የሚወጣው ኒውትሮን አንድ ብቻ ነው። ያ ኒውትሮን ፕላዝማውን በከበበው ወፍራም ሽፋን (ብላንኬት) ውስጥ ሊቲየም-6 የተባለውን የሊቲየም ዓይነት መትቶ ሌላ ትሪቲየም መውለድ አለበት። ከፊሉን ብረቱ ይውጠዋል፣ ከፊሉም ለማሞቂያና ለመለኪያ መሣሪያ በተከፈተ ቀዳዳ ያመልጣል። ጉድለቱን ለመሙላት ኒውትሮን የሚያባዛ ቤሪሊየም ወይም እርሳስ ይጨመራል። በተፈጥሮ ሊቲየም ውስጥ የሊቲየም-6 ድርሻ 7.5 በመቶ ገደማ በመሆኑ፣ ቀልጦ በሚዘዋወረው የእርሳስና የሊቲየም ቅይጥ ውስጥ ወደ 90 በመቶ ከፍ እንዲል ታስቧል። ግድግዳው ላይ የሚከፈት እያንዳንዱ መስኮት ከነዳጁ ላይ የሚቀነስ ነው።

ብላንኬቱ የሚሠራበት ዩሮፈር ብረትም የራሱ ጠባይ አለው። 14.1 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያላቸው ኒውትሮኖች አቶሞቹን ከቦታቸው ያፈናቅላሉ። ከ350 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሆኖ ከተደበደበ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል፤ ከ550 በላይ ደግሞ ጥንካሬው ይከዳዋል። በውሃ የሚቀዘቅዘው የብላንኬት አማራጭ ውሃው ከ295 እስከ 328 ዲግሪ ስለሆነ ስጋቱ ከታችኛው ወሰን በኩል ነው። 80 ባር ግፊት ያለው ሂሊየም በተሻለ ሙቀት ይሠራል፤ ነገር ግን ሂሊየሙን ለመግፋት ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። በስፔን ግራናዳ የሚገነባው ኢፍሚፍ-ዶንስ የተባለ የሙከራ ተቋም የታሰበው ብረቶችን በእንዲህ ያለ ኒውትሮን ለመፈተን ነው።

ያረጀው ብላንኬት በርቀት በሚታዘዝ ማሽን በላይኛው በር ተስቦ ይወጣል። ቧንቧዎቹ ቀድመው መቆረጥ፣ አዲሱ ሲገባም መበየድ አለባቸው። በኒውትሮን የተመታ ብረት ውስጥ ሂሊየም ይጠራቀማል፤ ሲበየድ ጋዙ ያብጥና ስፌቱ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው መቁረጫው ቦታ ከመከለያው ጀርባ፣ ኒውትሮን በማይበዛበት ስፍራ እንዲሆን የሚነደፈው።