የመራጮች ተሳትፎ ምንድን ነው? «አንድ ሳይቀር መረጠ» ሲባል ከስንቱ?

ሐዋሳ ውስጥ ቡና የምጠጣባት ጀበና ቡና ቤት የማይጠፉ አንድ ጡረተኛ መምህር አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ያደጉት ከሐዋሳ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ የገጠር ከተማ ነው። የምርጫ ወሬ ከተነሳ «የኛ አገር ሰው አንድ ሳይቀር ነው የሚመርጠው!» ሳይሉ አያልፉም።

አንድ ቀን «ጋሼ፣ አንድ ሳይቀር ሲሉ ከስንቱ?» አልኳቸው።

«ካርድ ካወጣው ነዋ!»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የመራጮች ተሳትፎ ማለት ድምፅ የሰጠው ሰው ከመራጩ ስንት በመቶ ነው ማለት ነው። ግን «መራጭ» የቱ ነው? ዕድሜው 18 የሞላው ሁሉ ወይስ ተመዝግቦ ካርድ የያዘው? እኛ አገር ሰው ራሱ ካልተመዘገበ መዝገብ ላይ የለም። በየዜናው የምንሰማው መቶኛ ደግሞ የሚሰላው ከተመዘገበው ነው።

እንበልና በጋሼ ከተማ ለመምረጥ ዕድሜው የደረሰ 2,000 ሰው አለ። ካርድ ያወጣው 1,000 ነው። በምርጫው ቀን 900 ሰው ወጣ። ዜናው «90 በመቶ» ይላል። አልዋሸም። ግን ከከተማዋ አዋቂ ሰው የመረጠው 45 በመቶው ነው። ካርድ ለማውጣት ደክሞ የተሰለፈ ሰው ደግሞ በምርጫው ቀን የሚቀርበት ምክንያት ትንሽ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ብዙም አይገርምም።

የ2013ቱን ምርጫ እንይ። ምርጫ ቦርድ አስቀድሞ የገመተው እስከ 50 ሚሊዮን መራጭ ነበር። የተመዘገበው ከ37 ሚሊዮን ትንሽ አለፈ። ትግራይ በጦርነቱ ምክንያት አልመረጠችም፣ ሌሎችም ያልመረጡ ቦታዎች ነበሩ። በኋላ «ተሳትፎው ከ90 በመቶ በላይ ነው» ተባለ። ከየትኛው ቁጥር እንደሆነ የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ሁለተኛው ስህተት ተሳትፎን ከዝንባሌ፣ ማለትም ሰው ማንን ይደግፋል ከሚለው ጋር ማምታታት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ የሚገጥሙበት ጊዜ አለ፤ ኅዳር 10, 2012 የተደረገው የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ እንደዚያ ነበር። የምርጫው ምልክቶች ሁለት ነበሩ። ሻፌታ ክልል ለመሆን፣ ጎጆ በደቡብ ክልል ለመቆየት። ሻፌታ የሲዳማ ባህላዊ የመመገቢያ ዕቃ ነው፤ ማንበብ የማይችል ሰውም አይቶ ያውቀዋል። ከተመዘገበው ከ99 በመቶ በላይ ወጣ፤ 98.51 በመቶው ሻፌታን መረጠ። የዓመታት ጥያቄ ስለነበር ሰው ገና ሳይነጋ ነው የተሰለፈው።

በፓርላማ ምርጫ ግን እንዲህ አይነበብም። በ2007 ተሳትፎው ከ90 በመቶ በላይ ተባለ፤ 547ቱንም ወንበር ያን ጊዜ ገዢ የነበረው ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ። ይህ ማለት ተቃዋሚን የመረጠ ሰው የለም ማለት አይደለም። በኛ ሥርዓት በምርጫ ክልሉ አንድ ድምፅ የበለጠ ወንበሩን ይወስዳል። የሌላው ድምፅ ወረቀት ላይ ይቀራል። በ1997 ተቃዋሚው ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ ሲያሸንፍ «ከተማው የተቃዋሚ፣ ገጠሩ የገዢው» የሚል አባባል ነግሦ ነበር። እኔ ግን የገጠሩን ሰው ዝንባሌ እንዲህ በደፈናው መናገር ይከብደኛል። መሬቱ የመንግሥት ነው። ማዳበሪያው የሚገኘው በመንግሥት መዋቅር በኩል ነው። በ2007 ጊዜ ደግሞ ሰዉን በትንንሽ ቡድን የሚያደራጅ አንድ ለአምስት የሚባል አደረጃጀት ነበር፤ ማን ካርድ እንዳወጣና ማን እንደቀረ ጎረቤት ለጎረቤት ይተዋወቃል። እንዲህ ባለበት ትንሽ ከተማ ሰው ወጥቶ መምረጡ ይታያል፣ ጣቱ ላይ ቀለም አለ። ምን እንዳሰበ ግን ሆድ ይፍጀው ነው።

ጋሼንም ሞከርኳቸው። «ታዲያ እርስዎ ያን ጊዜ ለማን ሰጡ?»

አውራ ጣታቸውን አንስተው አሳዩኝ። ቀለሙ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል።

«መርጫለሁ አልኩህ እኮ» አሉና ሁለተኛውን ስኒ አዘዙ።