አሮጌው ድንጋይ ከአዲሱ በላይ ሲቀመጥ

የድንጋይ ንብርብር ሕግ ቀላል ነው። ከታች ያለው ቀድሞ የተነጠፈ፣ ከላይ ያለው በኋላ የመጣ። ተራራ ላይ ግን ሕጉ የተጣሰ ይመስላል። በስዊዘርላንድ የግላሩስ ተራሮች 250 ሚሊዮን ዓመት ያለፈው ድንጋይ፣ 50 ሚሊዮን እንኳ ባልሞላው ላይ ቁጭ ብሏል። የሚለያቸው መስመር በገደሉ ላይ በዓይን ይታያል።

ሕጉ ተሳስቶ ነው? አይደለም። ሕጉ የሚናገረው ስለ አነጣጠፉ እንጂ በኋላ ስለደረሰበት ነገር አይደለም። አፍሪካና አውሮፓ ሲጋፉ የምድር ቅርፊት በጎን ተጨምቆ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ጋደም ያለ ስለነበር የላይኛው ክፍል በታችኛው ላይ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ተንሸራተተ። ትረስት ፎልት የሚባለው ይህ ነው።

ብዙ ሰው ይህንን ከተገለበጠ እጥፋት፣ ማለትም ንብርብሩ እንደ ጨርቅ ታጥፎ ከተገለበጠበት ቦታ፣ ጋር ያምታታል። ቢያምታታም አይፈረድበትም። ግላሩስንም ጂኦሎጂስቶች ለዓመታት እጥፋት ነው ሲሉ ኖረዋል፤ ፈረንሳዊው ጂኦሎጂስት ማርሴል ቤርትራንድ በ1884 እ.ኤ.አ. አንድ ትልቅ ሸርተቴ ነው እስኪል ድረስ። በእጥፋት ንብርብሩ ራሱ ይገለበጣል። በትረስት ግን ሳይገለበጥም አሮጌው ከላይ ሊወጣ ይችላል። ለመለየት አሸዋ ድንጋዩን ቀረብ ብሎ ማየት ነው። ብዙ ጊዜ ሻካራው ቀድሞ ስለሚዘቅጥ፣ በአንድ ንብርብር ውስጥ ደቃቁ ከታች፣ ሻካራው ከላይ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ተገልብጧል ማለት ነው።