ፀረ ድባቴ መድኃኒቶች በደም ሕዋሳት ካልሲየም ላይ ምን ያደርጋሉ?

ለድባቴ የሚዋጥ መድኃኒት አንጎል የሚደርሰው በደም ተጉዞ ነው። በመንገዱ የደም ሕዋሳትንም ያገኛል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ የተጠኑት ፕሌትሌቶች ናቸው፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ጥቃቅን ሕዋሳት ማለት ነው። ፕሌትሌት ሴሮቶኒንን (የነርቭ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡበትን ኬሚካል) ወደ ውስጥ የሚያስገባበት ፕሮቲን የነርቭ ሕዋስ ከሚጠቀምበት ጋር አንድ ነው። አንጎልን ከፍቶ ማየት አይቻልም፤ ደም መቅዳት ግን ቀላል ነው።

በረፍት ላይ ባለ ፕሌትሌት ውስጥ ያለው ነፃ ካልሲየም ከውጭው በ10,000 እጥፍ ገደማ ያንሳል። ይህ ሰፊ ልዩነት ነው ካልሲየምን መልእክተኛ ያደረገው። ሴሮቶኒን ተቀባዩን ሲነካ፣ ሕዋሱ ውስጥ የተከማቸው ካልሲየም ይለቀቃል። ክምችቱ ሲጎድል ደግሞ በሽፋኑ ላይ ያሉ በሮች ተከፍተው ከውጭ ይገባል። ያኔ ፕሌትሌቱ ቅርጹን ይቀይራል፤ ከሌሎች ጋርም ይጣበቃል። በ1985 ፉራ-2 የተባለው፣ ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ ብርሃኑ የሚለወጥ ቀለም ከመጣ ወዲህ ይህን መለካት በጣም ቀለለ። ከዚያም በርካታ ጥናቶች በድባቴ የተያዙ ሰዎች ፕሌትሌቶች ለሴሮቶኒን የሚሰጡት የካልሲየም ምላሽ ከጤነኞች የበረታ ሆኖ አግኝተውታል። ከሕክምና በኋላ የሚታየው ለውጥ ግን ከጥናት ጥናት ይለያያል።

መድኃኒቶቹ የሚሠሩበት አንዱ መንገድ ተዘዋዋሪ ነው። ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን የሴሮቶኒን ማስገቢያውን ይዘጋሉ። ፕሌትሌት ሴሮቶኒንን ራሱ አያመርትም፤ ስለዚህ በሳምንታት ውስጥ ክምችቱ ይመናመናል። ቁስል ሲኖር የሚለቀው ሴሮቶኒን ስለሚያንስ የጎረቤቶቹ የካልሲየም ምላሽም ያን ያህል አይጎላም። የመድማት ዕድል ትንሽ ከፍ የሚለው በዚህ ነው፤ በተለይ አስፒሪን ወይም አይቡፕሮፌን ሲጨመር። እነዚህን አብሮ የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ቢነግር ይሻላል።

ሌላው መንገድ ቀጥተኛ ነው። በላቦራቶሪ ፍሉኦክሴቲን የቲ ሕዋሳትን (በሽታን የሚከላከሉ ነጭ የደም ሕዋሳትን) የካልሲየም ክምችት አራቁቶ መልእክቱን ሲያዳክም ታይቷል። ቲ ሕዋስ የመከላከያ ጂኖቹን የሚያነሳሳው በካልሲየም ነውና ግኝቱ ትልቅ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። እኔ ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል እላለሁ። በላቦራቶሪ ብዙ ጊዜ የሚጨመረው መድኃኒት በአሥሮች ማይክሮሞላር (በፈሳሽ ውስጥ ያለ ነገር መጠን የሚለካበት አሃድ) የሚቆጠር ነው። በታካሚ ደም ውስጥ ያለው ፍሉኦክሴቲን 1 ማይክሮሞላር አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያም ላይ 94 በመቶ ያህሉ ከደም ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይቀራል። የፕሌትሌት ሴሮቶኒን መመናመን ግን በታካሚዎች ደም ላይ በቀጥታ ተለክቷል።