ውስጣዊ ተገቢነት ምንድን ነው?

በቅርቡ ደብረ ማርቆስ ላይ በተካሄደ አንድ የግምገማ መድረክ፣ በምዕራብ ጎጃምና በአዊ አሲዳማ አፈር ላይ ኖራ ስለማሠራጨት የቀረበን ሪፖርት ስንወያይ አንድ የተከበሩ ባለሙያ ተነሥተው «ናሙናው ከአንድ ሺህ አባወራ በላይ ስለሆነ የጥናቱ ውስጣዊ ተገቢነት የተጠበቀ ነው» አሉ። ብዙዎች በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን አባባል በሪፖርት፣ በመመረቂያ ጽሑፍና በሥልጠና ላይ ደጋግሜ ስላገኘሁት በዝርዝር ልመልስበት ወሰንኩ።

ውስጣዊ ተገቢነት፣ በእንግሊዝኛ አጠራሩ ኢንተርናል ቫሊዲቲ፣ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያየነውን ለውጥ ያመጣው ፕሮግራሙ ነው ወይስ ሌላ ነገር? ቃሉን በ1957 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዶናልድ ካምቤል ሲሆን፣ በ1963 ከጁልያን ስታንሊ ጋር በመሆን ይህን ተገቢነት የሚያናጉ ስምንት ሥጋቶችን ዘርዝሯል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ የናሙና ማነስ የለም። የናሙና ብዛት የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ያገኘነው ቁጥር በአጋጣሚ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል ይነግረናል።

ነገሩን በጠላ ላስረዳ። አንዲት እናት ጋኗን በወይራ አጥነው የጠመቁት ጠላ ጣፋጭ ሆነ እንበል። «ጠላው ጣፋጭ ነው» ማለትና «ያጣፈጠው የወይራው ጭስ ነው» ማለት የተለያዩ ናቸው፤ ውስጣዊ ተገቢነት የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው። በዚያው ሰሞን ጌሾውን ከሌላ ገበያ ገዝተው ከነበረ ምስጋናው ለጭሱ ይሁን ለጌሾው አይታወቅም፤ ካምቤል ይህን «ታሪክ» ይለዋል፤ ከፕሮግራሙ ጎን ለጎን የተከሠተ ማንኛውም ሌላ ነገር ማለቱ ነው። ድፍድፉ ደግሞ ማንም ሳይነካው ባደረ ቁጥር ጣዕሙ ይለወጣል፤ ይህ «ብስለት» ነው። ቀማሹ መጀመሪያ በባዶ ሆዱ፣ በኋላ ግን ሁለት ጣሳ ከጠጣ ወዲያ ፈርዶ ከሆነ የተለወጠው መለኪያው ነው። ከታጠኑት አምስት ጋኖች ሁለቱ ሆምጥጠው ቢደፉ እንግዳ የሚቀምሰው የተረፉትን ብቻ ይሆናል። ባለፈው ጊዜ እጅግ የከፋውን ጋን መርጠው ቢያጥኑ ደግሞ ቀጣዩ ጠላ ሳይታጠንም ሊሻል ይችል ነበር፤ ከልክ በላይ የከፋ ነገር አብዛኛውን ጊዜ በሚቀጥለው ልኬት ወደ አማካዩ ይጠጋልና።

እንግዲህ እኚህ ባለሙያ ያሉት፣ ከዚያው ጋን አንድ ሺህ ጣሳ ቀድተን ለአንድ ሺህ ሰው ካስቀመስን ያጣፈጠው ጭሱ መሆኑ ይረጋገጣል እንደ ማለት ነው። አይረጋገጥም። ጌሾው ተቀይሮ ከነበረ በአንድ ሺሁም ጣሳ ውስጥ ያለው የተቀየረው ጌሾ ነው። ብዙ ጣሳ የሚሰጠን የዚያን ጋን ጣዕም ይበልጥ በትክክል ማወቅ ነው፤ ምክንያቱን በተሳሳተ ቦታ የፈለገ ጥናት ናሙናው ሲበዛ የተሳሳተውን ቁጥር በበለጠ እርግጠኝነት ያቀርባል። መፍትሔው አንዱን ጥንስስ ለሁለት ከፍሎ፣ የሚታጠነውን ጋን በዕጣ ለይቶ፣ ሌላውን ሳያጥኑ መጥመቅ ነው። ይህ ደግሞ የንድፍ ሥራ ስለሆነ የመጀመሪያው የኖራ ጆንያ ከመታደሉ በፊት መታሰብ አለበት፤ መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ በስሌት ብቻ የሚተካ አይደለም።

በመድረኩ የቀረበብኝ ሁለተኛ መከራከሪያ «የመነሻ ጥናት አድርገናል፤ በፊትና በኋላ አነጻጽረናል» የሚል ነበር። ያለ ንጽጽር ቡድን የሚደረግ የበፊትና የበኋላ ልኬት ግን ከላይ ከቆጠርኳቸው ሥጋቶች አብዛኞቹን አያስቀርም። የመነሻው ጥናት ጎተራ በሚጎድልበት በነሐሴ፣ የማጠቃለያው ጥናት እህል በተወቃበት በጥር ከተደረገ፣ ፕሮጀክት ባይኖርም የቤተሰቡ የምግብ ሁኔታ ተሻሽሎ ይገኛል። የመሬቱ ስፋት መጀመሪያ በገበሬው ግምት በቃዳ፣ ማለትም በአካባቢው የመሬት መለኪያ፣ ተነግሮ፣ በመጨረሻው ዓመት ግን በጂፒኤስ ተለክቶ ከሆነ፣ አንድ ኩንታል ምርት ሳይጨመር የሄክታሩ ምርት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። የንጽጽር ቡድን ቢኖር እንኳ የአመራረጥ ጉዳይ አለ። ኖራ በሄክታር በርካታ ኩንታል የሚፈልግ ከባድ ነገር ስለሆነ ቀድሞ የሚወስደው አህያና ጉልበት ያለው፣ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር የሚቀራረብ አርሶ አደር ነው። እንዲህ ያለው ሰው ዘርና ማዳበሪያም በወቅቱ ያገኛል። እርሱን ኖራ ካልወሰደው ጎረቤቱ ጋር ማነጻጸር ሁለት ገበሬዎችን ማነጻጸር እንጂ ኖራን መመዘን አይደለም።

ኖራ አይሠራም እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የአፈሩን አሲድነት እንደሚቀንስ፣ ሥርን የሚጎዳውን አሉሚኒየም እንደሚያስታግሥና ፎስፈረስን ለተክሉ እንደሚያቀርብ የታወቀ ነው። ጥያቄው ይህ ፕሮጀክት፣ በዚህ አሠራሩ፣ ምን ያህል ለውጥ አመጣ የሚለው ነው።

በደንብ የተነደፈ ጥናት ለማየት ከጎጃም መውጣት አያስፈልግም። በ2006 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በተጀመረው የትራኮማ ጥናት ንዑስ ቀበሌዎች በዕጣ ተመድበው፣ በ12ቱ ልጆች በየሦስት ወሩ አዚትሮማይሲን የተባለውን ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ሲወስዱ፣ ሌሎች 12 ንዑስ ቀበሌዎች ደግሞ ሕክምናውን ከዓመቱ በኋላ እንዲያገኙ ተደርጓል። ሕክምናው በተሰጠባቸው ቦታዎች የትራኮማው ተሕዋስ የተገኘባቸው ልጆች አማካይ ድርሻ በአንድ ዓመት ከ48.4 በመቶ ወደ 3.6 በመቶ ወርዷል። ይህ ቁጥር የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ ለውጡን ለመድኃኒቱ የመስጠት መብት ያገኘነው ሕክምናቸው በዕጣ እንዲቆይ የተደረገ ንዑስ ቀበሌዎች ስላሉ ነው። «ሰውን ሳያክሙ ማቆየት ግፍ ነው» የሚሉ አሉ፤ ስሜታቸውን አከብራለሁ። ይሁን እንጂ አቅርቦቱ በአንድ ጊዜ ለሁሉም የማይዳረስ ከሆነ ተራው መለየቱ አይቀርም፤ በእቁብ እንደምናደርገው በዕጣ ቢለይ በትውውቅ ከሚለይ ይልቅ ፍትሐዊ ነው።

የጠላው ምሳሌ እዚህ ላይ ይደክማል። ጋን መመረጡን አያውቅም፣ ለጎረቤት ጋንም አያካፍልም፤ ሰው ግን ሁለቱንም ያደርጋል። በዚያው የጎንቻ ጥናት፣ ልጆቻቸው በታከሙባቸው ቦታዎች መድኃኒቱን ያልወሰዱ 11 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ነዋሪዎች ላይ እንኳ ተሕዋሱ ከ15.5 ወደ 8.2 በመቶ ቀንሷል። ዕጣው በአንድ መንደር ውስጥ በሰው በሰው ወጥቶ ቢሆን ኖሮ የንጽጽር ቡድኑ ራሱ በሕክምናው ይነካ ነበር፤ በንዑስ ቀበሌ መውጣቱ ይህን ያቃልላል። ኖራ ግን ከማሳ ወደ ማሳ ብዙም ስለማይሄድ በቤተሰብ ደረጃ ዕጣ ማውጣት ይቻላል፤ ሙሉ ውጤቱን ለማንበብ ሁለት ሦስት የምርት ዘመን መጠበቅ እንደሚያሻ ግን በመስኩ የቆየ ሁሉ ያውቃል።

መድረኩ ሊዘጋ ሲል አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ። በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ምርት የነሣውን ማሳ ለከሰል በሚሆን ዲከረንስ በተባለ ዛፍ መሸፈን ተለምዶ ቆይቷል፤ በመነሻው ተመዝግበው በኋላ ዛፍ የተተከለባቸው ማሳዎች በማጠቃለያው ልኬት እንዴት ተቆጠሩ? አቅራቢው በቅንነት መለሱልኝ፦ እህል ስላልተዘራባቸው «መረጃቸው ያልተሟላ» ተብለው ወጥተዋል። ስንት እንደነበሩ በሪፖርቱ ውስጥ አልተጻፈም ነበር፤ አማካዩ የተሰላውም፣ እንደ ተረፉት ጋኖች፣ ከቀሩት ማሳዎች ላይ ብቻ ነው።