አንቲካ ሱቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገቡ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት አንቲካ ሱቆች አንዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ስረግጥ ስለ ጥንታዊ ዕቃ የማውቀው ሁሉ ከሰው አፍ የሰማሁትን ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘመድም፣ ከውጭ ለእረፍት የመጣ ጓደኛም ይዤ ብዙ ጊዜ ገብቻለሁ። በሩ ላይ የሚነግሩኝ ያንኑ እኔ የሰማሁትን ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«1780 ይላል፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ማለት ነው»

ይህ የሚባለው ስለ ጠገራ ብር ነው። በብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያዋ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ብሩ መመታቱ ግን አልቆመም፤ ዓመቱም አልተለወጠም። የእኛ አገር ሰውም ሆነ የቀይ ባሕር ነጋዴ የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልምና ያው መልክ፣ ያው ዓመት ቀጠለ። ጣሊያን አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ ሮም ላይ አስመታችው፤ እንግሊዞችም ለንደንና ቦምቤይ ላይ መቱት። ቪየና እስከ ዛሬ ትመታዋለች። እጃችሁ የገባው ብር የቅድመ አያታችሁ ዘመን ሊሆን ይችላል፤ የቅርብ ጊዜም ሊሆን ይችላል። ዓመቱ ምንም አይነግራችሁም።

የሚነግራችሁ ሌላ ነው። ትክክለኛው 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። ጠርዙን በጣታችሁ ዳብሱት፤ ከፍ ከፍ ያሉ የላቲን ፊደላት አሉበት። በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ሐሰተኛ ከሆነ ፊደሉ የሟሟ ይመስላል ወይም ጭራሽ የለም። ቀዳዳ ያለበት ወይም የተበየደ ቀለበት ያረፈበት ብር ለሰብሳቢ ዋጋው ይወርዳል። እኔ ግን እሱን ነው የምመርጠው፤ የአንዲት ሴት አንገት ላይ ውሎ ያደረ ነውና።

«ከጠቆረና ከቆሸሸ አሮጌ ነው»

ጭስ በአንድ ሳምንት ያጠቁራል። አፈር ውስጥ መቅበርም ሆነ ሻይ መቀባት ቀላል ነው። ዕድሜ የሚታየው እጅና ገላ በነካው ቦታ ላይ ነው። የእንጨት ትራሱን፣ ብርኩማውን፣ ውሰዱ። በእውነት የተተኛበት ከሆነ ጭንቅላት የሚያርፍበት ጎድጓዳ በፀጉር ቅቤ ወዝቶ ያብረቀርቃል፤ ከታች በኩል፣ ማንም የማይነካው ጥጋት ግን ደረቅና ሻካራ ሆኖ ይቀራል። ለገበያ የጠቆረው ከላይም ከታችም አንድ ዓይነት ነው። ገልብጣችሁ ሳታዩ ዋጋ አትጠይቁ።

ብራናም እንደዚሁ ነው። ገጹን ወደ ብርሃን ያዙት። መስመር ለማስመር በዳርና በዳር የተወጉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታያሉ። ከዚያ ሥዕሉን ተመልከቱ፤ ከቀለሙ ሥር ጽሑፍ ብቅ ካለ፣ አሮጌ ገጽ ላይ ለቱሪስት ተብሎ በቅርቡ የተሳለ ነው። ብራናው እውነተኛ፣ ሥዕሉ አዲስ። እንዲህ ዓይነቱን ባየሁ ቁጥር ያመኛል፤ አንድ ጸሐፊ በመቃ ብዕር ጎንበስ ብሎ የጻፈው ቃል ደማቅ ቀለም ተለቅልቆበታል።

«አስመስሎ መሥራት የዛሬ ሰው ያመጣው ነው»

አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የ1936 ዓ.ም. ስሙኒ መጀመሪያ ክብ የመዳብ ሳንቲም ነበር። ብር እየተቀባ እንደ ሃምሳ ሳንቲም መተላለፍ ሲጀምር ተሰብስቦ በጠርዙ ዙሪያ ሞገድ ያለው ሆኖ ወጣ። ሁለቱንም ሱቅ ውስጥ ታገኛላችሁ። ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩዋቸው።

«ቤት ወስጄ በሎሚና በአመድ አሳምረዋለሁ»

እባካችሁ ተዉት። ፍተጋ ወዙን ብቻ ሳይሆን የቅርጹን ስስ መስመርም ይዞ ይሄዳል፤ የሄደው ደግሞ አይመለስም። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ማንሳት ይበቃል።

«ከገዛሁት የራሴ ነው፤ ወደፈለግሁበት እወስደዋለሁ»

ዋሽንግተንም ሆነ ዱባይ ለምትኖሩ ወገኖቼ ይህን ጠበቅ አድርጌ ነው የምናገረው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ለመጠየቅ የሚኬደው ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። ዕቃው አዲስ ሆኖ አሮጌ የሚመስል ቢሆን እንኳ ማረጋገጫ ይዞ መሄድ ይሻላል፤ ቦሌ ላይ ሻንጣ ከፍቶ መከራከር ለማንም አይበጅም።

ከወረቀቱ በፊት ግን ጥያቄው ይቅደም፦ «ከየት መጣ?» አንዳንድ ሻጭ መስቀል አንስቶ በኩራት «ይሄ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ነው» ይላል። ያን ቃል ስትሰሙ መልሳችሁ አስቀምጡት። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ቤልጂየም ድረስ ተሽጦ ነበር፤ ወደ ቦታው የተመለሰው በ1993 ዓ.ም. ነው። ስሙ የታወቀ ስለነበር ተፈልጎ ተገኘ። ስማቸው ያልታወቀ የገጠር አጥቢያዎች መስቀል ማን ይፈልገዋል? መጽሐፍ ሲሆን ደግሞ የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጾቹን እዩ፤ የባለቤቱ ስም የተፋቀ ከመሰለ አትግዙ። ደህና ነጋዴ ስትጠይቁት አይቆጣም። ቁጭ አድርጎ ከማን እንደገዛው ይነግራችኋል።

«ገብቶ ሳይገዙ መውጣት ነውር ነው»

ነውር የለውም። ሰላምታ ስጡ፣ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፣ በሁለት እጃችሁ ያዙ። እኔ ሁለት ጊዜ ባዶ እጄን ወጥቼ በሦስተኛው ነው አንድ ብርኩማ የገዛሁት፤ ባለ ሱቁ ሁለቱንም ጊዜ ቡና አጠጥቶ ነው የሸኘኝ።